ሁለት ግራም

ከትራሙ መዞሪያ ሦስተኛው በር ላይ፣
ሃኮዳቴ ወደብ፣ ከመረብ ሻጩ ሱቅ በላይ፣
ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ወንበር፣
አልኮል፣ ወረንጦ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ክር።
ኦሪኤ እባላለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ላለ፣
«መርፌ አክማለሁ» ስል፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን የሰጠኝም አለ።

በጥር፣ በረዶው መስኮቴን እስከ ወገቡ ሲውጠው፣
ኩራሞቺ መጣ፤ ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ነው፤
ግማሽ ጆሮውን ሞተር በልቶት፣
ከካፖርቱ ሥር አንዳች ነገር እንደ ጫጩት አቅፎት።
ሣጥን ነው፣ በሐር የተጠቀለለ። ውስጡ የመርፌ ራስ፣
ከጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ሳይነካ የከረመ ቅርስ።

«አርባ ዓመቱ ነው» አለኝ፤ «የሁለት ክረምት ቦነሴን ከፈልኩበት።
ማሞቂያ ልገዛ የወጣሁ ሰው፣ ይህን በኪሴ ይዤ ገባሁ ቤት።
ሱሚኤ ምንም አላለች፤
ያን ክረምት ብቻ ራቷን ካፖርት ለብሳ በላች።
ታዲያ እንዴት ላጫውተው? አልማዝ ያልቃል፣ በየሸክላው ይሳሳል፤
ለትልቅ ቀን አልኩና ቆለፍኩት፤ ይደርሳል መቼስ፣ ይደርሳል።
ልጄ ተመረቀች፤ አላወጣሁትም።
ተዳረች፤ አላወጣሁትም።
በርካሹ መርፌ ሸክላዎቼ ሲላጡ እያየሁ፣ እሱን አልነካሁትም።
ባለፈው እሑድ አወጣሁት። ለእኔ ደህና ነው፣ እንዲያውም ያማረ፤
‹ሴትየዋ ስ ባለች ቁጥር› አለች የልጅ ልጄ፣ ‹ዘይት ተንጨረጨረ።›»

ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። አልማዙ ትናንት የተሳለ፣
አንድ ትልም ያልጨረሰ ማረሻ መሰለ።
ከኋላው ያለው ጎማ ግን፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጠው፣
መርፌውን በስሱ ይዞ ከዜማው ጋር የሚያወዛውዘው፣
ደርቋል፤ እንደ በጋ ቆዳ ተሰነጣጥቋል።
ጎማ ስንት ሸክላ እንዳለፈ አይቆጥርም፤ ዓመት ብቻ ያውቃል።
ሰውየው አልማዙን ከሸክላ አዳነ፤
ጎማው በሣጥኑ ውስጥ፣ በዝምታ ባከነ።

«ጎማውን እለውጣለሁ» አልኩት፤ «ግን የሠራው ሰው ሞቷል፤
ከምን እንደ ቀመመው ሳይናገር፣ ምስጢሩን ይዞ ገብቷል።
የምትሰማው የእኔን እጅ ነው፣ የእሱን አይደለም።
የጥንቱን ልመልስልህ እንዳልል፣ የጥንቱን የሰማ የለም፤
አንተም ጭምር።»

መስኮቱን አየ። ትራም አለፈ። «ስንት ነው?» አለ።
ነገርኩት። «የማሞቂያ ዋጋ!» ብሎ ሳቀና፣ ግማሹን ቆጥሮ ከፈለ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ወረንጦ የሚጠጋው
በአንዱ የልብ ትርታና በሚቀጥለው መሀል ነው።
ሁለቴ ክሩ ሊበጠስ ነበር፤ አንዴ አልቅሻለሁ ማታ፣
የመርከብ ጡሩምባ ጮኾ፣ ጠረጴዛዬ ቢንገላታ።

ሊወስደው ሲመጣ መከርኩት፦ «ከኋላ ወደ ፊት ጥረገው፣ ወደ ጎን በፍጹም፤
በአፍህ እፍ አትበልበት፤ ምራቅ አይወድም።
በየሳምንቱ አጫውተው። እንግዳ አትጠብቅ፣ በዓል አትጠብቅ፤
ሲሳሱለት ነው የሚያልቅ።»

«ስንት ልጫነው?» አለኝ። ሁለት የአንድ የን ሳንቲም አውጥቼ፣
«ይህን ያህል» አልኩት፣ መዳፉን በእጄ ከፍቼ።
ዓይኑን ጨፈነ። የሞተር ብሎን ያጠነከረው እጅ፤
«አይሰማኝም» አለ፣ «ይቀዘቅዛል እንጂ።»

በመጋቢት ደወለ። ስለ ድምፁ አንድ ቃል አልተናገረም።
ሱሚኤ «ከርካሹ በምን ይለያል?» ብላዋለች፤ አልመለሰላትም።
ገጹ አልቆ ግን፣ መርፌው ባዶ ትልም ላይ ቷ... ቷ... ሲል፣
«ገልብጠዋ!» አለችው ከወጥ ቤት፤
ውኃውን ዘግታ ኖሯል።